የጋቢናው ሙቀት

የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥራ ፈት ነው። በጾም የሚዳር ልጅ የለም፤ ካሜራውም፣ መብራቱም፣ ሰውየውም እስከ ፋሲካ አብረው ያርፋሉ። ያን ጊዜ ባሕር ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ሠርግ እቀርጽ፣ የቀረጽሁትን እየቆረጥሁ እቀጥል ነበር። ጾሙ እንደ ገባ ክፍሌን ቆልፌ፣ ላፕቶፔን በጀርባዬ አዝዬ፣ ወረታ ወላጆቼ ቤት ገባሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ናፍቀውኝ ነው አልሁ። እውነቱን ለመናገር የሽሮ ድስት ብቻዬን ማማሰል ሰልችቶኝ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ግን ያ ጾም በሕልሜ ይመጣል፤ ነቅቼም እናፍቀዋለሁ። ምነው ያኔ ፋሲካው በዘገየ እላለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና።

ላፕቶፑ ለጌም የተሠራ ነው። እኛ ሠርግ አቀናባሪዎች እንዲህ ያለውን የምንገዛው ልንጫወትበት ሳይሆን ጉልበት ስላለው ነው። የኔው ሰው እጅ የቆየ ነበር፤ ከባድ፣ ወፍራም፣ ከፊደሎቹ ሥር ቀይ መብራት የሚበራበት። እናቴ መጀመሪያ ባየችው ጊዜ ውስጡ ፍም ያለ መስሏት ምንጣፉ ላይ እንዳላስቀምጠው ለመነችኝ። የቀድሞ ባለቤቱ ጨዋታዎቹን ሳያጠፋ ነው የሸጠው። ከነሱ አንዱ ከባድ መኪና መንዳት ነው። መተኳኮስ የለ፣ መሽቀዳደም የለ፤ ከአንዱ የፈረንጅ ከተማ ጭነት ጭኖ፣ ሕግ አክብሮ፣ ሌላው ከተማ ማድረስ ብቻ። እኔ አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም። የሰው ጭነት ማድረስ ምኑ ነው መዝናኛው?

አባቴ ግን ዕድሜውን የጨረሰው የሰው ጭነት ሲያደርስ ነው። እኔ ሕፃን ሳለሁ ከአሰብ ይጭን ነበር፤ በኋላ ጦርነቱ መጥቶ አሰብ ሲዘጋ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከወልድያ በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ ይወርዳል፤ መገንጠያው ላይ ሲደርስ ጡሩንባውን ረዘም አድርጎ ይነፋል፤ እናቴ በእጇ ያለውን ሁሉ ጥላ ትወጣለች። አንድ ሌሊት አድሮ ወደ ጎንደር ያልፋል። እኔ አባቴን በመልኩ ሳይሆን በጡሩንባው ነው አስቀድሜ የማውቀው።

አንድ ጊዜ ከወልድያ ማዶ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለው። መኪናውን ከተራራው ጋር አላትሞ አቆመው። ሰው አልሞተም፤ የሱ ወገብ ግን ከዚያ በኋላ ወገብ አልሆነም። ጉዞው በከዘራ ከአልጋ እስከ በራፍ ሆነ። በራፉ ላይ ወንበር አስወጥቶ ይቀመጥና በመገንጠያው የሚያልፉትን መኪኖች ሳያያቸው በድምፃቸው ብቻ ይነቅፋቸዋል። ይኼ ማርሽ አያውቅም፤ ይኼ ጭነቱ ወደ ኋላ ከብዶታል፤ ይኼኛው ከሚስቱ ተጣልቶ ነው የወጣ። ቁጡ ሰው ነበር። በመንገድ ጉዳይ የተሳሳተ ነገር ሰምቶ ሳያርም ማለፍ አይሆንለትም፤ ቄሱ እንኳ ስለ መንገድ ሲያወሩ ያርማቸዋል፣ በአንቱታ ይሁን እንጂ።

ለእናቴ አንድ ቃል ነበረበት። ሲያገባት በጋቢና አስቀምጬ ባሕር አሳይሻለሁ ብሏታል። ጣና ቅርባችን ነው፤ በክረምት ርብ ሲሞላ የፎገራ ሜዳ ራሱ ውሃ ይሆናል፤ ስለዚህ ውሃ ብርቅ ሆኖባት አይደለም። እሱ ያወራላት ማዶ ስለሌለው ባሕር ነው። ከዚያ እኔ ተወለድሁ፤ የቀጠረው ድርጅት መኪናው ላይ ሰው መጫን ከለከለ፤ አሰብ ተዘጋ፤ ጅቡቲ ደግሞ ያለ ወረቀት የማይገባበት የሰው አገር ሆነ። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ቃሉ የሰፈር መቀለጃ ሆነ። ጎረቤቶቻችን መች ነው ባሕር የምትወርጂ ይሏታል፤ ትስቃለች። ሹፌር በየከተማው ቤት አለው እያሉም ያሾፉባታል፤ ለዚያም ትስቃለች። የሹፌር ሚስት መሳቅ ትለምዳለች። አባቴ እመጣለሁ ባለበት ቀን ሳይመጣ ሲቀር፣ ቀጠሮው ሳምንት ሲያልፍ፣ እሷ የምትተኛው ጆሮዋን መገንጠያው ላይ ጥላ ነው። ሲመጣ ግን የት ቆየህ ብላ ስትጠይቀው ሰምቼ አላውቅም። እጁን ታስታጥበዋለች፣ ታበላዋለች፣ አለቀ።

በመጨረሻው ጉዞው ጠዋት ብቻ፣ ምን እንዳሰባት እንጃ፣ ዛሬስ ይዘኸኝ ሂድ አለችው። በሚቀጥለው አላት። የሚቀጥል ጉዞ አልነበረም።

ጨዋታውን የከፈትሁለት ከበራፉ ላይ ሲነጫነጭ መስማት ቢሰለቸኝ ነው። መጀመሪያ ናቀው። ይኼ ምን መንገድ ነው አለ፤ ኬላ የለው፣ ፍየል የለው፣ ጎማ የፈነዳበት ሰው ዳር ላይ ቆሞ እጁን አያወዛውዝ። ማርሽ ሲቀያየር የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ግን ወንበሩን አስጠጋ። መኪናው በአራት ቁልፎች ነው የሚነዳው፤ በቀኝ እጁ ሁለት ጣት ቁልፎቹን ይነካል፤ ግራ እጁ ሥራ ስለሌለው አየር ላይ መሪ ይይዛል። ዳገት ላይ ትከሻው ወደፊት ያዘነብላል። ቁልቁለት ላይ እግሩ ወለሉን ይረግጣል፤ ያ የማይታዘዝ እግሩ። አጠገቡ ቆሜ ሳየው ደስታና ኀዘን አንድ ላይ ያዘኝ፤ ውኃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ።

ጥቂት ቀን እንደ ነዳ በካርታው ጥግ ላይ ሰማያዊ ነገር አየ። ምንድን ነው አለኝ። ባሕር ነው አልሁት፤ ወደብም አለው፣ ጭነት ይራገፍበታል። በማግሥቱ እናቴ ከቅዳሴ ተመልሳ፣ እህል ቀምሰን፣ እሷ የሩዝ ሰፌዷን ይዛ በራፍ ልትወጣ ስትል ጠራት።

“ነይ እዚህ ተቀመጭ” አላት። “ባሕር ልንሄድ ነው።”

ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀችም። ሰፌዷን አስቀመጠች፣ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትመለስ የክት ነጠላዋን ለብሳ ነበር። አባቴ በቀኙ በኩል ዱካ አስቀመጠላት፤ ምክንያቱም መሪ በግራ ነው፣ በጋቢና የሚሄድ ሰው በቀኝ ነው። እሷም ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ሩዟን እየለቀመች ተሳፈረች። እሱ አማተበና ተነሣ። ሁለት ሰው በሚቀመጥበት ጋቢና ሦስተኛ መሆን ስላልፈለግሁ ውጭ ወጥቼ ከግንቡ ሥር ተቀመጥሁ። እሱ ሲያስረዳት ይሰማኛል፤ ይኼ ድልድይ ነው፣ ያ ነዳጅ ማደያ ነው፣ እነዚያ ላሞች የፈረንጅ ናቸው። እሷ ላሞቹን ከኛ ፎገራ ላም ጋር እያስተያየች ትታዘባለች።

ትንሽ ቆይቶ አባቴ “ጠፋ!” ብሎ ጮኸ። ስገባ ላፕቶፑ ድርግም ብሏል፤ ቀዩ መብራት እንኳ የለም። እናቴ ጥቁሩን መስተዋት እያየች ተቀምጣለች።

“ደረስን እንዴ?” አለችኝ።

ጨዋታው ጉዞን መሐል ላይ አስቀምጦ ከዚያው መቀጠል ይፈቅዳል። አባቴ አልፈቀደም። እሷን ከመሐል መንገድ አልጭናትም አለ፤ ከቤት ተነሥታ ነው የምትሄድ። እናም ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ከተማ፣ ከመጀመሪያው መጋዘን ይነሣሉ፤ ሁልጊዜ አማትቦ፤ ሁልጊዜ ባሕሩ ሳይታይ ድርግም ይላል። ቀኑም እያለቀ ነው። ከሆሳዕና ቀጥሎ ሕማማት ነው፤ በሕማማት በኛ ቤት እንኳን ጨዋታ ሰላምታም የለም። ፋሲካ ካለፈ ደግሞ ሠርጉ ይጀምራል፣ ላፕቶፑም ከኔ ጋር ባሕር ዳር ይገባል። እስከ ሆሳዕና ካልደረሱ አይደርሱም ማለት ነው። አባቴ ይህን አልተናገረም፤ ግን ከዚያ ወዲህ በራፍ ላይ መቀመጡን ተወ።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት መብራቱን ነው። ከቤታችን ጀርባ የሩዝ መፈልፈያ አለ፤ ሞተሩ ሲነሣ አምፖላችን ይደበዝዛል፣ ሬዲዮው ይንጫጫል። ከጎረቤት ስታቢላይዘር ተውሼ ሰካሁት፤ ጠፋ። ባትሪውን ነቅዬ በቻርጀሩ ብቻ አስነሣሁት፤ ጠፋ። ቻርጀሩን ነቅዬ በባትሪው ብቻ ሞከርሁ፤ ያውም ጠፋ። ከጠፋ በኋላ ሆዱን ስነካው እጅ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ነገሩ ሙቀት ነው፤ ሲግል ራሱን እንዳያነድ ራሱ ይጠፋል። ከሥሩ ያሉትን ብሎኖች ፈትቼ ከፈትሁት። ማራገቢያው በመፈልፈያው ዕብቅ ተደፍኗል። ያ የደቀቀ የሩዝ ገለባ እኛ ሰፈር የማይገባበት የለም፤ ልብስ ውስጥ፣ ጨው ውስጥ፣ የሰው ጆሮ ውስጥ ይገባል። በራሴ የጥርስ ብሩሽ አንድ በአንድ ጠረግሁት። በቃ አገኘሁት ብዬ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ራሴ ነዳሁበት፤ አልጠፋም። ልቤ ሞልቶ ለነሱ አስረከብሁ። የቡናውን ውኃ ሳልጥድ ጠፋ።

በማግሥቱ በሚኒባስ ባሕር ዳር ወስጄ ለጥገና ባለሙያ ሰጠሁት። ቺፑ ላይ የሚቀባውን አሮጌ ቅባት ጠርጎ አዲስ ቀባለት፤ ከባድ ጨዋታ ከፍቶ ሲያለፋው ዋለ። ምንም የለበትም፣ እናንተን አልወዳችሁም ይሆናል ብሎ ቀለደብኝ። መልሼ አመጣሁት። አባቴ ለባብሶ ይጠብቀኝ ነበር፤ እናቴም ነጠላዋን ለብሳለች። ተነሡ፤ ከመጀመሪያው ትልቅ ዳገት በላይ አልሄዱም።

እኔ መፍትሔው ጠፋኝ፤ እናቴ ግን ምክንያቱን ያገኘች መሰላት። ለቀበሌው የአንድ ለአምስት ስብሰባ በሄደችበት ቀን አባቴ ብቻውን ሲነዳ ዋለ፤ ላፕቶፑ አንዴም አልጠፋ። ስትመለስ ነገርናት፣ በደስታ። እሷ ግን ፊቷ ተለወጠ። እኔ ስቀመጥ ነው የሚጠፋው አለች። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለደችም። ያኔም ውሰደኝ ባልሁት ቀን ነው ያ ነገር የደረሰበት፤ አሁንም እኔ ስሳፈር ነው መኪናው የሚሞት፤ የኔ ገድ ነው አለች። ነጠላዋን አጥፋ ሣጥን ውስጥ መለሰችው። ወገቡን ያጠፋሁት እኔ ነኝ የሚል ነገር ይህን ሁሉ ዓመት ሆዷ ውስጥ እንደ ነበር በዚያች ደቂቃ አወቅሁ። አባቴም በዚያች ደቂቃ ያወቀ ይመስለኛል። ተቆጣ፤ ምን የማይረባ ነገር ታወሪያለሽ አላት፤ ድምፁ ግን ቁጣውን መሸከም አልቻለም።

ከዚያ ወዲህ ልመናም አልበገራት። እሱ ክፍሉ ውስጥ ይነዳል፤ እሷ ሩዟን ጓሮ ውስጥ ትለቅማለች። በመካከላቸው ያለው በር ክፍት ነው፤ ሞተሩ ይሰማታል። እሱም ቲማቲም ይጭናል፣ ሲሚንቶ ይጭናል፣ ከሜዳ ከተማ ወደ ሜዳ ከተማ ይመላለሳል፤ ወደ ሰማያዊው በኩል ግን አይዞርም። አንድ ቀን መኪናው ከወደቡ ብዙም የማይርቅ መታጠፊያ ላይ ደርሶ ወደ ሌላው አቅጣጫ ሲዞር አየሁትና ምነው አባዬ፣ ይኸው ቀርቦልህ የለም እንዴ አልሁት።

“እኔማ ባሕሩን አይቼዋለሁ” አለኝ።

እዚህ ላይ እልህ ያዘኝ። ገድ የሚባል ነገር ላፕቶፕ አያጠፋም፤ ላፕቶፕ የሚያጠፋው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ እሷ ስትቀመጥ ከየት እንደሚመጣ ሳላይ ባሕር ዳር አልመለስም አልሁ። የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴን እጇን ይዤ አስገባኋት። ባሕር አትሄዱም፣ እኔ ልፈትሽ ስለ ፈለግሁ ነው፣ ሁለት ከተማ ብቻ ብዬ ለመንኋት። ያለ ክት ነጠላዋ፣ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። እኔ መደቡ ላይ ጋደም ብዬ የተኛሁ መሰልሁ።

አባቴ ነዳ። ማውራት ቀስ በቀስ መጣለት። ዳገቱ ሲጀምር፣ ወሬውንም ሳያቋርጥ፣ ዓይኑንም ከመንገዱ ሳይነቅል፣ ቀኝ እጁን ከቁልፎቹ አንሥቶ ከወንበሩ ሥር አንድ ነገር አወጣ። ታጥፎ ታጥፎ የደደረ የጆንያ ቁራጭ ነው። በላፕቶፑ ቀኝ ጎን በኩል፣ ትኩሱ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ላይ፣ በአውራ ጣቱ ጠቅጠቅ አድርጎ ወተፈው። ከዚያ ጉልበቷን በእጁ ጀርባ ነካ አደረገና ሙቀቱ እንደ ቀረላት አረጋገጠ። መልሶ ሁለት ጣቱን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈ። ሁሉም ነገር ሰው ዝንብ እሽ የሚልበትን ያህል ጊዜ አልፈጀም።

ዘልዬ ተነሣሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ ንዴት ነው፤ የጥርስ ብሩሼ ታወሰኝ፣ የሚኒባሱ አቧራ ታወሰኝ። ጆንያውን ነቅዬ አባዬ ይኼ ምንድን ነው አልሁ። እሱ የምጠይቀው ነገር ጨርሶ አልገባውም። የድሮው መኪናው የሞተር ክዳን በረዳቱ በኩል ሙቀት ያስገባ ነበር አለ፤ ረዳቱ እግሩ እንዳይቃጠል በጆንያ ቁራጭ ይወትፉታል፤ ሞተሩ ምን ይሆናል፣ እሱ የሚተነፍሰው በፊት ነው። ይኼም ያንኑ የመሰለ ትኩስ ትንፋሽ በእናትህ ጉልበት ላይ ሲለቅ ዝም ብዬ ልይ? እሷን ይዤ ስነዳ እወትፋለሁ፣ ስቆም አነሣለሁ። ሹፌር የሚሠራው ይህንን ነው። ለኔ መንገር እንዳለበት አልታሰበውም፤ አማትቤያለሁ ብሎስ መቼ ነግሮኝ ያውቃል።

ይህ መኪና የሚተነፍሰው በዚያ ቀዳዳ ብቻ እንደ ሆነ ነገርሁት። አፉን ይዘህ ዳገት ትነዳዋለህ አልሁት። ጆንያውን ከእጄ ተቀበለኝ፣ አገላበጠው፣ እናቴን አያት። ንዴቴ የት እንደ ገባ አላውቅም። እሷ ስትቀመጥ የሚጠፋው ለሷ ሲሳሳላት ነው፤ ገዷ ሳይሆን ስስቱ ነው። እናቴም ገባት መሰለኝ፣ ሰፌዱን አጥብቃ ያዘችው። ከመጀመሪያው ቀን ትኩሱ አየር ሲመታሽ ለምን አልተናገርሽም አልኋት።

“ጋቢና ይሞቃል ሲሉ እሰማ ነበር” አለች። “ደንቡ መስሎኝ።”

በግራው በኩል ትቀመጥ ብዬ ሐሳብ ብሰጥ አባቴ እንደ እብድ አየኝ፤ በሹፌር ግራ ማን ይቀመጣል፣ በሩ ላይ ተንጠልጥላ ትሂድ? ላፕቶፑን ከኋላው በሁለት የእንጨት ቁራጭ ከፍ አደረግሁት፤ ትኩሱ አየር ግን አሁንም ወደ እሷ ነው። አባቴ ጆንያውን እያየ ማቅማማት ጀመረ። እሷ ግን ከእጁ ወስዳ ወደ ጓሮ ወረወረችው። ይሙቀኝ፣ ምን አለበት አለች። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንሄዳለን አለችው፤ እሷ ናት ቀኑን የቆረጠች።

በሆሳዕና ዕለት መብራት ጠዋት ሄዶ ቀኑ ሲጋመስ እንኳ አልተመለሰም። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን መጥታ፣ የክት ነጠላዋን እንደ ለበሰች፣ የዘንባባ ቀለበት በጣቷ አጥልቃ ዱካው ላይ ተቀመጠች፤ ለሱም አንድ አጠለቀችለት። ባትሪው ብቻውን ባሕር ድረስ አያደርስም፤ ቻርጀሩ ተሰክቷል፤ አምፖሉን ሦስታችንም እናያለን። ማንም ስለ ነገ አላነሣም። ነገ ሕማማት ነው። ወሬ ጠፍቶ ስለ ሩዙ ዋጋ አነሣን፤ እሱም አለቀ። ጥላው ወደ ምሥራቅ ሲያዘነብል አምፖሉ ቦግ አለ፤ እናቴ በእልልታ ፈንታ አፏን በእጇ ያዘች።

ልወጣ ስነሣ አባቴ ተቀመጥ አለኝ። ከኋላ መተኛ አለ፣ ረዳት እዚያ ነው የሚጋደም አለ። አልጋው ላይ ከኋላቸው ተቀመጥሁ። ከዚያ ቦታ የማየው የሁለቱን ጀርባ፣ በመሐላቸው ደግሞ መንገዱን ነው። ጾም በመጣ ቁጥር ወደ ዓይኔ የሚመጣው ያ ነው፤ የሱ ትከሻ ወደ ዳገቱ ሲያዘነብል፣ የሷ ነጠላ ጫፍ በማራገቢያው ትንፋሽ ሲርገበገብ። ብዙ ሰው ሲሞሸር ቀርጫለሁ፤ እነሱን ሳልቀርጻቸው ቀረሁ። ካሜራዬ ባሕር ዳር ተቆልፎበት ነበር።

የመጀመሪያው ዳገት ላይ ላፕቶፑ ጮኸ፣ ማራገቢያው እንደ መፈልፈያው ሞተር አጓራ፤ አለፈው። ሁለተኛውንም አለፈ። እናቴ ግንባሯ ላይ ላቡ ወጣ፤ ጉልበቷን ግን አላሸሸችም። አባቴ መሐል ላይ ሞቀሽ አላት፤ ንዳ አለችው። እሱ ከተሞቹን እየጠራ ማስረዳቱን ቀጠለ፤ ስማቸውን ማንበብ ስለማይሆንለት ለየከተማው የራሱን ስም አወጣለት፤ ይኼ ሚሌ ይሁን፣ ያ ደግሞ ሎጊያ። በረሃ የለበትም፣ ሁሉም ነገር ለምለም ነው፤ እሷም የሰማችው የአፋር በረሃ እንደዚህ ሣር ያለበት መሆኑ እየገረማት ሩዟን ለቀመች።

ከመጨረሻው ኮረብታ አናት ላይ መንገዱ ወደ ታች ሲወርድ ባሕሩ ወጣ። የመስተዋቱን ግማሽ ያዘው። ግራጫ ነው፤ ዳር ላይ በነፋስ የሚዞር ክንፍ ያላቸው ረጃጅም ነጫጭ ምሰሶዎች አሉ፤ ነጫጭ ወፎች ይበራሉ፤ ዝናብም ያካፋል። አባቴ ካወራልን አሰብ ጋር የሚመሳሰል አንድ ነገር የለበትም። እሱ ያወራልን ባሕር ዓይን የሚያጠፋ ፀሐይ ያለበት፣ ጨው ከንፈር ላይ የሚደርቅበት ነው። ከወደቡ በር ሳይደርስ ዳሩን ይዞ አቆመ። እናቴ እጇ ሰፌዱ ላይ ቀረ። እያየች ቆየች፤ ረጅም ጊዜ አየች።

“ለካ እዚህ ነበርህ” አለችው።

ያርማታል ብዬ ጠበቅሁ። ጾሙን ሙሉ ያን ጨዋታ ሲያርም ነው የከረመው፤ ቄስ የሚያርም ሰው ነው። አይ፣ ይኼስ የፈረንጅ ባሕር ነው፣ የኔው ሌላ ነው ይላታል አልሁ። እሱ ዘንባባ ያጠለቀ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሣ።

“አዎ” አላት። “እዚህ ነበርሁ።”

“ብቻህን?”

ይህን ጥያቄ እናቴ ስንት ዓመት ይዛው እንደ ኖረች እኔ አላውቅም። አባቴ ከመስተዋቱ ዞሮ፣ ያን የማይዞር ወገቡን እንደ ምንም አዙሮ፣ ፊቷን አየ።

“ብቻዬን።”

ራሷን ነቀነቀች። ባሕሩን አንድ ጊዜ ደግማ አየችው። ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ሰፌዷን ጭኗ ላይ አስተካከለች።

“በል እንመለስ” አለችው። “ዛሬ ቤት የሚጠብቅህ ሰው የለም።”

አባቴ ጭነቱን ሳያራግፍ መኪናውን አዞረ።